«እቁቤን ለጆሮ ማሽን ላውጣው ወይስ ለልጄ ትምህርት ቤት?»

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፦

ጤና ርቆኛል። የጋዜጣችሁ የዘወትር ተከታታይ ነኝ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ችግር እያነበብኩ «ወይ ጉድ!» ስል ኖሬ፣ ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ብዕሬን አነሳሁ። እባካችሁ ሳትሰለቹ አንብባችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ዕድሜዬ 38 ዓመት ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኮቪድ ቤታችን ገባና ሁላችንንም አጋደመን። እኔ ተመርምሬ «አለብሽ» ተብያለሁ። ሆስፒታል ግን አልተኛሁም። ዝንጅብሉንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ዳማ ከሴውንም ጠጥቼ በሁለት ሳምንት ተነሳሁ። ባለቤቴና ልጆቼ ድነው ረሱት። እኔን ግን ትኩሳቱ ለቀቀኝ እንጂ ድካሙ አልለቀቀኝም።

ድካም ስላችሁ የሥራ ድካም እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድሬ እንኳ ጠዋት እንቅልፍ ያጣሁ ነው የምመስለው። ቅዳሜ እንጀራ ጋግሬ፣ ልብስ አጥቤ ከዋልኩ እሑድን እንደምንም አልፈውና ሰኞ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ቢሮ ደግሞ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ደምሬ ሁለት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። በዚህ የተነሳ አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቶኛል። ጸበል ተጠምቄያለሁ። ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር፤ የደም ግፊቴን ለክቶ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኘኝ።

የባሰው የቤቴ ነገር ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን «ጎረቤት ሲመጣ ትስቂያለሽ፣ ሰው ሲሄድ ትታመሚያለሽ። ይሄ ስንፍና እንጂ በሽታ አይደለም» ይለኛል። አማቴም «በእኛ ጊዜ ወልደን ሳንከርም እንፈጭ ነበር» ይላሉ። አሁን አሁንማ ተኮራርፈን መኝታ እስከ መለየት ደርሰናል።

ሜሪላንድ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ከሥራ ባልደረባው ሰምቶ ጆሮ ላይ እንደ ጉትቻ የሚንጠለጠል ማሽን አገኘልኝ። ነርቭን በኤሌክትሪክ ያነቃል፣ የኮቪድን ድካም ድራሹን ያጠፋል ይባላል። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው። ወንድሜ «እኔ እገዛልሻለሁ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ከልጆቹ አፍ ነጥቄ መዳን አልፈልግም። በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሰኛል። ገንዘቡ ለትልቋ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ነበር። ለባለቤቴ ይህን ብነግረው ምን እንደሚል አስቡት!

ማሽኑ እውነት ያድናል? እቁቤን ላውጣበት ወይስ ይቅርብኝ? እንደ እህታችሁ ቆጥራችሁ ምከሩኝ።

የደከማት እህታችሁ
ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህታችን፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ሁለት ጥያቄ ጠይቀሽናል፤ አንዱ የማሽን፣ አንዱ የገንዘብ። ከመስመሮቹ መካከል ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ «እኔ በእርግጥ ታምሜያለሁ ወይስ ሰንፌያለሁ?» የሚል። ከሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁለቱ የሚፈቱት እሱ ሲፈታ ነው።

ስንፍና አይደለም!

«ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ» ይባላል። ኮቪድም እንዲያ ሆነ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ እጅ መጨባበጥ ቀርቶ ነበር፤ ሚሌኒየም አዳራሽም የሕሙማን መተኛ ሆኖ ነበር። ዛሬ ሁሉም ተረስቷል። የረሳነው ግን የዳንነው ነን። ያልዳኑ አሉ።

ለዚህ ነገር የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሰው የሕክምናው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መግለጫ አውጥቶለታል። ኮቪድ ከያዘው ወይም ሳይይዘው አልቀረም ከተባለ ሰው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና ሌላ በሽታ ምክንያቱ ያልሆነ ሕመም ማለት ነው። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መደነጋገር ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ፈረንጆቹ «ሎንግ ኮቪድ» ይሉታል፤ ረዥሙ ኮቪድ እንበለው። ሆስፒታል ሳይተኛ ቀለል አድርጎ ያለፈውንም ሰው ይይዛል።

አንቺ ሳታውቂው አንድ ትልቅ ምልክት ጽፈሽልናል። «ቅዳሜ ጋግሬ ካጠብኩ ሰኞ መነሳት ያቅተኛል» ብለሻል። ሰነፍ ሰው ሥራውን ገና ሲያስበው ይደክመዋል። ያንቺ ድካም ግን ከሠራሽ በኋላ፣ ያውም ቀን አሳልፎ የሚመጣ ነው። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣው ይህ ዓይነት መውደቅ ሐኪሞች በረዥሙ ኮቪድና በሥር የሰደደ የድካም ሕመም ላይ ለይተው የሚያውቁት ነው። ጎረቤት ሲመጣ መሳቅሽም ማስመሰል አይደለም። ያለሽን ጥቂት አቅም ለእንግዳ አውጥተሽ ዕዳውን ብቻሽን ስትከፍዪ ነው ባለቤትሽ የሚያይሽ።

ማሽኑ የሚነካው የትኛውን ነርቭ ነው?

አሁን ወደ ጆሮው ማሽን እንምጣ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ማሽኑ የሚፈልገው «ቬገስ» የተባለውን ነርቭ ነው። የስሙ ትርጉም በላቲን «ተንከራታች» ማለት ነው፤ ስሙም ልኩ ነው። ከአንጎል ግርጌ ይነሳና በአንገት ወርዶ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራን፣ አንጀትን ሁሉ ያዳርሳል። የልብን ምት የሚያረጋጋ፣ የበሉትን የሚያስፈጭ፣ ከውስጥ አካላት ወደ አንጎል ወሬ የሚያመላልስ መልእክተኛ ነው።

ታዲያ ጆሮ ምን አገባው? ከዚህ ነርቭ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ትወጣለች። ጆሮውን ሲያጸዳ ድንገት ሳል የሚነሳበት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የዚህች ቅርንጫፍ ሥራ ነው። በጆሮ ቀዳዳ በር ላይ ብቅ ያለችው ትንሽ ሥጋና ከላይዋ ያለው የጆሮ ጎድጓዳ ክፍል ቅርንጫፏ ከምትደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ማሽኑ እዚያ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጠ ወሬው በቅርንጫፏ በኩል ወደ ዋናው ነርቭ እንዲሄድ ይሞክራል።

ነርቩን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1997 ለሚጥል በሽታ፣ በ2005 መድኃኒት እምቢ ላለው የመንፈስ ጭንቀት፣ በ2021 ስትሮክ እጁን ላሰነፈው ሰው፣ በሐምሌ 2025 ደግሞ ለከባድ የመገጣጠሚያ ብግነት ፈቅዶታል። ግን ልብ በይ! እነዚህ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ቆዳ ሥር የሚቀበሩ፣ ነርቩን ራሱን አንገት ላይ የሚይዙ መሣሪያዎች ናቸው። ጆሮ ላይ ቆንጥጦ የሚንጠለጠለው የነሱ የሩቅ ዘመድ እንጂ መንትያ አይደለም።

ከብግነት ጋር የተያያዘው ተስፋ የመጣው ከምርምር ቤት ነው። ኬቨን ትሬሲ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2000 አይጦች ላይ ቬገስን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ የሰውነት መቆጣት እንደሚበርድ አሳዩ። ኮቪድ ሲመጣ ብዙዎች «የዚህ ድካም ምክንያት የማይበርድ ብግነት ወይም የተጎዳ ቬገስ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ባርሴሎና አካባቢ ያሉ ሐኪሞች ከ348 የረዥሙ ኮቪድ ሕመምተኞች 228ቱ፣ ማለትም 66 ከመቶ ያህሉ፣ የቬገስን መታወክ የሚጠቁም ምልክት እንዳላቸው በ2022 ገለጹ። የልብ መምታት፣ ማዞር፣ የመዋጥ ችግር፣ የድምፅ መለወጥና የሆድ ነገር ማለት ነው። አንቺም የጻፍሽው የልብ መምታትና የዓይን መጨለም ከዚሁ ወገን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወንድምሽ ባልደረባ ወሬ ሥር አለው። ፍሬው ግን ገና አልበሰለም።

ለድካም ተሞክሮ ምን ተገኘ?

በሳውዝ ካሮላይና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ሙከራ 13 የረዥሙ ኮቪድ ሕመምተኞች የጆሮውን ማነቃቂያ ቤታቸው ሆነው ለአራት ሳምንት ተጠቀሙ። ጉዳት አላመጣም፤ በአንዳንዶቹ ላይ የአእምሮ ድካም መጠነኛ መቀነስ ታየ። በካሊፎርኒያ ደግሞ 24 ሴቶች ለ10 ቀን ሞክረውት እንቅልፋቸው፣ ሐሳባቸውና ጭንቀታቸው መሻሻሉ በ2024 ታተመ። ደስ ይላል አይደል? አዎ፤ ግን ሁለት «ግን» አለው።

አንደኛው፦ 13 ሰውና 24 ሰው ማለት አንድ የእቁብ ማኅበር የማይሞላ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «ያድናል» ብሎ መሸጥ ለነጋዴ እንጂ ለሐኪም አይፈቀድም።

ሁለተኛው፦ የካሊፎርኒያዎቹ ሴቶች ሁሉም እውነተኛውን ማሽን ነው ያገኙት። ከጎናቸው የውሸት ማሽን የተሰጠው ቡድን አልነበረም። ይህ ለምን ይጠቅማል ትዪ ይሆናል። ሰው ተስፋ ሲሰጠው፣ ሲታይና ሲጠየቅ፣ በቀን አንድ ሰዓት አረፍ ብሎ ሲቀመጥ በዚያው ብቻ ይሻለዋል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው። በዚያ ላይ ድካሙ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ማሽን የሚገዛው ደግሞ በጣም ሲብስበት ነው። ከዚያ ወዲያ በራሱ ሲሻለው ምስጋናውን ማሽኑ ይወስዳል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለን። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በተካሄደና ውጤቱ በ2025 በወጣ ሙከራ 328 ረዥሙ ኮቪድ ሐሳባቸውን ያወከባቸው ሰዎች በአምስት ቡድን ተከፈሉ። ለአንዳንዶቹ የአእምሮ ልምምድ፣ ለአንዳንዶቹ ግንባር ላይ የሚደረግ ደካማ ኤሌክትሪክ፣ ለቀሩት ደግሞ የማነጻጸሪያ ሥራ ወይም የውሸት ኤሌክትሪክ ተሰጠ። (ይህ የጆሮው አይደለም፤ አንጎልን በግንባር በኩል የሚነካ ሌላ ዓይነት ነው።) ምን ሆነ? በሁሉም ቡድን ሰዎች በመጠኑ ተሻላቸው። ከማነጻጸሪያው የበለጠ ግን አንዱም አልተገኘም። የውሸቱ ቡድን ባይኖር ኖሮ ዛሬ ያ የግንባር ማሽን «ፍቱን» ተብሎ በየቦታው ይቸበቸብ ነበር።

ከጆሮው ማሽን በኩል ሚዛን የሚደፋ አንድ ሙከራም አለ። በኦክላሆማ በ2024 የወጣ ነው። ሲቆሙ ልባቸው ያለ ልክ የሚመታባቸው 26 ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ለሁለት ወር ተነቃቁ። ግማሾቹ በጆሮ በሯ ላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ የነርቩ ቅርንጫፍ በማትደርስበት የጆሮ ጉትቻ ቦታ ላይ። ከሁለት ወር በኋላ ከተኙበት ሲቆሙ የልብ ምታቸው የጨመረው በእውነተኞቹ ወደ 18 ገደማ፣ በውሸቶቹ ወደ 32 ገደማ ነበር። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የለካው የልብ ምትን እንጂ የኮቪድን ድካም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ሻጮች «ኮቪድ ላይ ተፈቅዷል» ሲሉ ልትሰሚ ትችያለሽ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2020 አንድ አንገት ላይ የሚያዝ ማነቃቂያ ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዶ ነበር። ያ ግን ኮቪድ ይዟቸው አስም ለተነሳባቸው ሰዎች ትንፋሽ እንጂ ለድካም አልነበረም። ለረዥሙ ኮቪድ ድካም ተብሎ እዚያ የተፈቀደ የነርቭ ማነቃቂያ የለም።

እንግዲህ እቁቡስ?

ቁርጡን ልንገርሽ፦ እቁቡን አታውጪበት። የልጅሽ ትምህርት ቤት ይከፈል። ማሽኑ ማጭበርበሪያ ነው ብለን አይደለም፤ ገና በፈተና ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። ለተፈተነ መድኃኒት ሰው ወርቁንም ይሸጣል። በፈተና ላይ ላለ ነገር ግን ከተረፈ ገንዘብ እንጂ ከልጅ ደብተር አይወጣም። ደግሞም ባለቤትሽ ሳያውቅ ገንዘቡ ወጥቶ ማሽኑ ባይሠራ፣ «ስንፍና» ሲልሽ የነበረው «ገንዘብ አባካኝ»ን ይጨምርበታል። ያኔ ማን ያምንሻል?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከማሽኑ በፊት የሚቀድሙ፣ ዋጋቸውም የሚያንስ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ በቂ ምርመራ አላደረግሽም። የደም ግፊት ለክቶ «ጭንቀት ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። ረዥሙ ኮቪድ የሚባለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂና እነዚህን ጠይቂ፦ ሙሉ የደም ምርመራ (የደም ማነስ አለብሽ ወይ?)፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ኩላሊትና ጉበት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ። ጾም የምታዘወትሪ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12፣ የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ ደግሞ የብረት መጠን። ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም አትፍሪ። ከነዚህ አንዱ ቢገኝ መድኃኒቱ የታወቀና ከማሽኑ እጅግ የረከሰ ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ጆሮዋ ላይ ኤሌክትሪክ ብታንጠለጥል ምን ይፈይድላታል?

ሁለተኛ፣ የልብሽን ነገር ቤትሽ ሆነሽ ለኪ። አሥር ደቂቃ ያህል ጋደም በይና የልብ ምትሽን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከዚያ ተነሥተሽ ለአሥር ደቂቃ ሳትንቀሳቀሺ ቁሚ፤ በየሁለት ደቂቃው ቁጠሪና ጻፊው። ሰው አጠገብሽ ይኑር፤ ካዞረሽ ወዲያው ተቀመጪ። ጭማሪው 30 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከቆየ ወረቀቱን ለሐኪም አሳዪ። ለዚህ የታወቀ እርዳታ አለ፤ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሣት፣ እግርን የሚያጠብቅ ካልሲ፣ ግፊትና የኩላሊት ችግር ከሌለ ደግሞ በሐኪም ምክር ጨው መጨመር። ካስፈለገም መድኃኒት አለው።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ አቅምሽን እንደ እቁብ ያዢው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ይገባሻል። ሰውነትሽ በቀን የሚሰጥሽ አቅም የተቆረጠ ነው። ቅዳሜ ዕለት የሦስት ቀኑን ቀድመሽ ትበዪና ሰኞ የምትከፍዪው አጥተሽ ትወድቂያለሽ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት በደብተር ጻፊ፤ ምን ሠራሽ፣ መቼ ወደቅሽ። ከዚያ ከሚጥልሽ መጠን በታች መሥራት ልመጂ። ሊጥ የምታቦኪበትና የምትጋግሪበት ቀን ይለያይ። ምጣዱ አጠገብ በርጩማ አስቀምጪ፤ የማይቻል ሲሆን እንጀራው ከሱቅ ይምጣ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ልብሱ በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስት ቀን ይታጠብ። ሥራው ከማለቁ በፊት፣ ድካሙ ሳይመጣ ዕረፊ። «በርቺ፣ እየገፋሽ ልመጂው» የሚልሽን አትስሚ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪዎች እንኳ ሥር ለሰደደ የድካም ሕመም «እንቅስቃሴውን በየሳምንቱ እየጨመሩ መግፋት» የሚለውን የድሮ ምክር በ2021 ሰርዘውታል። ሲሻልሽ ቀስ በቀስ ትጨምሪያለሽ፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፣ የሥራሽን ነገር በወረቀት ያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ የሐኪም ወረቀት ይዘሽ አለቃሽን አነጋግሪ። ከባዱን ሒሳብ ጠዋት አእምሮሽ ንጹሕ ሲሆን መሥራት፣ ከምሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አረፍ ማለት ይፈቀድልሽ ዘንድ ጠይቂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለቬገስሽ ያለ ገንዘብ የምታደርጊው ነገርም አለ። በቀስታ መተንፈስ የልብን ምት በዚሁ ነርቭ በኩል ያረጋጋል። ጧትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ከማስገባቱ ማስወጣቱ ረዘም ብሎ። ያድናል አንልሽም፤ ሲመታብሽ ግን ልብሽን ያሳርፋል።

ወንድምሽ «እምቢ፣ ገዝቼ እልካለሁ» ካለስ?

የወንድም ፍቅር ነውና አትቆጪው። እንዲህ በይው፦ «መጀመሪያ ልመርመር፤ ውጤቱን እነግርሃለሁ። ከዚያ ከተረፈህና መመለስ የሚቻል ከሆነ ግዛ።» ሻጩ ካልሠራ በተወሰነ ቀን ውስጥ ገንዘብ የሚመልስ መሆኑን አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። ነገር ግን የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት፣ የልብ ምቱ የተዛባ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ሐኪም ሳታማክር አትንካው። የሚያመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ የቆዳ መቅላት፣ ራስ ምታት፣ ማዞር። አንገትሽ ላይ ግን በገዛ እጅሽ ምንም ዓይነት ኤሌክትሪክ አታድርጊ። ለወገብ ሕመም የሚሸጠውን ማሽን ሽቦ ጆሮ ላይ አስሮ መሞከርም አይገባም።

ከሞከርሽው ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሞክሪው። ከመጀመርሽ ሁለት ሳምንት በፊት ድካምሽን በየማታው ከአሥር ቁጥር ስጪና ጻፊ። ከጀመርሽም በኋላ ለስድስት ሳምንት ጻፊ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ አዲስ ነገር አትጀምሪ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ማሽኑ ይመለስ። ስሜት ያታልላል፤ ደብተር ግን አያታልልም።

ደረትሽን የሚወጋ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ቁጭ ብለሽ ሳለ ትንፋሽ ማጣት ወይም የአንድ እግር እብጠት ከመጣ ግን ደብተር ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ሂጂ። «ከዚህ ኑሮ ሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽም በዚያኑ ቀን ለምታምኚው ሰውና ለሐኪም ተናገሪ።

ለባለቤትሽ የምታስነብቢው

ይህችን ክፍል ቆርጠሽ ትራሱ ሥር አድርጊለት።

ወንድማችን፦ ሚስትህ ደብዳቤዋን ስትጽፍ «ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም» ብላ ጽፋለች። በኩርፊያ ላይ ሆና ይህን የምትል ሴት ልትሰማት ይገባል። ኮቪድ አንተን ለቅቆሃል፤ እሷን ግን አልለቀቃትም። የምትለው ድካም ስም አለው፣ በዓለም ዙሪያም የሚጠናው ነገር ነው። እስኪ አንድ ፈተና አድርግ። ለሁለት ሳምንት ቅዳሜ ልብሱን አንተና ልጆችህ እጠቡት፣ እሷ የጋገረችበትን ቀን ደግሞ በካሌንደር ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ በየስንት ቀኑ እንደምትወድቅ ራስህ ቁጠር። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ቀን ጠብቆ አይመጣም ነበር። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አብረሃት ግባ፤ «ጭንቀት ነው» ብሎ ሊሸኛት የሚያስብ ሐኪም ባሏ «እኔ ቤት ውስጥ ያየሁት ይህን ነው» ሲለው ብዕሩን መልሶ ያነሳል። ለእናትህም አንተው አስረዳቸው፤ ከልጅ አፍ ሲሰማ ይከብዳልና።

እህታችን፦ ነርቭን በኤሌክትሪክ የማከሙ ጥናት ወደፊት እየሄደ ነው። ነገ በብዙ ሕመምተኞች፣ ከውሸት ማሽን ጋር ተነጻጽሮ ሲረጋገጥ ይህ ዓምድ ደስ ብሎት ይጽፍልሻል። እስከዚያው ግን እቁቡ ለልጅሽ፣ ዕረፍቱ ላንቺ ይሁን። የምርመራ ውጤትሽን ስታገኚ ጻፊልን። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ።